የኪስ ሙዚቃ ማጫወቻ ለታዳጊ ልጅ፦ ከምርጫው እስከ ስጦታው

ሚኒስትሪ ላለፈ ልጅ፣ ለዕንቁጣጣሽ ወይም ለገና ኤምፒስሪ ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው “ስንት ጂቢ ነው?” ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ተራው ገና ነው። ከእሱ በፊት ሦስት ነገር መታወቅ አለበት። ልጁ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚያድርበት ቤት ቻርጅ የሚያደርግበት አለው? ዘፈኑን የሚጭንለት ማን ነው? ሲበላሽ በአቅራቢያው የሚጠግን አለ? ደብረ ማርቆስ ከወላጆቹ ጋር ለሚኖር ልጅ የሚስማማው ዕቃ፣ ከቢቡኝ ወይም ከማቻከል ገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ ለሚማር ልጅ ላይስማማ ይችላል። ብዙ ስጦታ በሁለተኛው ወር ሣጥን ውስጥ የሚቀረው ዕቃው መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ የልጁ ኑሮ ሳይታይ ስለተገዛ ነው።

የልጁን ሳምንት መቁጠር

የገጠር ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ብዙ ጊዜ ወደ ወረዳው ከተማ ይወጣና ከሁለት ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ይከራያል። ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል፤ እሑድ ድርቆሹን፣ በሶውንና ሽሮውን ተሸክሞ ይመለሳል። መብራቱ የአከራይ ነው፤ ከአምፖል ሌላ እንዲሰካ የማይፈቅድ አከራይ አለ። መብራት ጠፍቶ የሚውልበትም ቀን አለ። ስለዚህ ማጫወቻው አንዴ ከሞላ ሳምንቱን መዝለቅ አለበት። በቀን 2 ሰዓት ቢያዳምጥ በ5 ቀን 10 ሰዓት ይሆናል። ባትሪ እያረጀ ሲሄድ ስለሚደክም ለመጠባበቂያ 2 ሰዓት ይጨምሩበት። ለእንዲህ ያለ ልጅ ከ12 ሰዓት በታች የሚሠራ ዕቃ አይግዙ።

ሻጩ “20 ሰዓት ይሠራል” ቢልዎት ራስዎ አስልተው ያረጋግጡ። በባትሪው ወይም በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የሚሊአምፔር ሰዓት (mAh) ቁጥር ማጫወቻው በሚወስደው ሚሊአምፔር ያካፍሉት። ትንሽ ኤምፒስሪ በኢርፎን ሲሠራ በግምት ከ20 እስከ 40 ይወስዳል። 150 የተጻፈበት ባትሪ ለ30 ሲካፈል 5 ሰዓት ነው፤ 400 የተጻፈበት 13 ሰዓት ይሰጣል። ብሉቱዝ ሲከፈት ሰዓቱ በጣም ያጥራል። ድምፅ ማጉያ ያለው ዕቃ ደግሞ ድምፁ ከፍ ሲል 200 እና 250 ስለሚወስድ 1,000 የተጻፈበት ባትሪ እንኳ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ቢሠራ ነው። ቁጥሩ የትም ካልተጻፈ ትንሹን ይገምቱ፤ ደህና ባትሪ ያስገባ አምራች አይደብቀውም።

ቤተሰቡ ዘንድ ያለው መብራት የሶላር ከሆነም ችግር የለም። የዩኤስቢ ቀዳዳ ያለው የሶላር መብራት 5 ቮልት ይሰጣል፤ 400 የሚይዝ ባትሪ በጥሩ ፀሐይ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ውስጥ ይሞላል። ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ሲዘጋ ግን ቀኑን ሙሉ ሊወስድ ይችላል። በፓወር ባንክ የሚሞላ ከሆነ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ትንሽ ማጫወቻ የሚወስደው ኤሌክትሪክ በጣም ጥቂት ስለሆነ ብዙ ፓወር ባንክ “ምንም አልተሰካም” ብሎ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሱን ያጠፋል። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ የሞላ መስሎት ጠዋት ባዶውን ያገኘዋል። መፍትሔው ከጎኑ ስልክ አብሮ መሰካት ነው፤ ያ ካልሆነ የፓወር ባንኩን ቁልፍ በየጊዜው መጫን ያስፈልጋል።

ከየትኛው ዓይነት

ልብስ ላይ የምትቆነጠጠው፣ ማያ የሌላት፣ ሚሞሪ ካርድ ብቻ የምትቀበለው ትንሽ ማጫወቻ ዋጋዋ ከሁሉም ይቀላል። ባትሪዋ ግን ትንሽ ነው፤ ዘፈን የሚመረጠውም “ቀጣይ” የሚለውን እየተጫኑ ነው። 30 ዘፈን ለሚያዳምጥ የ13 ዓመት ልጅ ትበቃለች። 400 ዘፈን ለሚያጠራቅም ጎረምሳ ግን አንዱን ለማግኘት ጣቱ እስኪዝል መጫን ይሆንበታል።

ማያና የሚጫኑ ቁልፎች ያሉት፣ የራሱ ማከማቻ 8 ወይም 16 ጂቢ የሆነ፣ በተጨማሪ ካርድ የሚቀበል ማጫወቻ ለአብዛኛው ታዳጊ ትክክለኛው ነው። ቁልፉ የሚጫን መሆኑን ይፈልጉ። በንክኪ ብቻ የሚሠራው ኪስ ውስጥ ራሱን ይከፍታል፣ በላብ እጅም አይታዘዝም። “ሆልድ” የሚባል መቆለፊያ ካለው ይበልጥ ጥሩ ነው።

ሦስተኛው ድምፅ ማጉያ ያለው፣ ፍላሽና ሚሞሪ የሚቀበል፣ ራዲዮም ያለው ነው። ቤተሰብ አንድ ላይ ለሚሰማበት ቤት፣ ከብት ለሚጠብቅ ወይም እርሻ ለሚያግዝ ልጅ ይህን የሚስተካከል የለም። አራት ሆነው በተከራዩበት ክፍል ግን አንዱ ሲያጠና ሌላው ሲዘፍን ጠብ ያመጣል። ትልቅ ጥቅሙ ባትሪው ነው፦ ብዙዎቹ ቢኤል-5ሲ የሚባለውን የቆየ የኖኪያ ስልክ ባትሪ ይቀበላሉ፤ እሱ በየሞባይል ቤቱ ይገኛል፣ ሲደክም ልጁ ራሱ ይቀይረዋል። ኪስ ማጫወቻ ውስጥ ያለው ባትሪ ግን በሽቦ የተበየደ ነው። ሲያልቅ ጠጋኝ ያስፈልጋል፣ ጠጋኙም ልኩን የሆነ ባትሪ ላያገኝ ይችላል።

ባለ ቁልፍ ስልክም ሙዚቃ ያጫውታል፣ ባትሪውም ይቆያል። ሆኖም ስልክ ይዞ መግባት የማይፈቅድ ትምህርት ቤት ስላለ አስቀድመው ይጠይቁ። ማጫወቻ ከስልክ የሚሻልበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ጥናት ላይ ያለ ልጅ ሙዚቃውን ከፍቶ መጽሐፉን ሲገልጥ መልእክት አይጠራውም፣ ቪዲዮ አይጎትተውም። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከውጭ የሚኖር ዘመድ “አሮጌ አይፖድ ልላክ?” ካለዎት ቀድመው ያስቡበት። አፕል አይፖድን ማምረት ማቆሙን ያስታወቀው በግንቦት 2014 ነው። ዕቃው ጥሩ ቢሆንም ዘፈን የሚጫነው ኮምፒውተር ላይ አይቱንስ በሚባል ፕሮግራም ነው፤ ከፍላሽ እንደሚገለበጠው ፋይል ጎትቶ መጨመር አይሠራም። የቆዩት ገመድ ሰፊ ባለ 30 እግር ነው። ሲበጠስ ከቡሬ ወይም ከሞጣ ገበያ ማግኘት ያስቸግራል። አንዳንድ የቆየ ሶኒ ዎክማንም ልዩ ገመድ ብቻ ይቀበላል። ዘመድዎ መላክ ከፈለገ ተራ ማይክሮ ዩኤስቢ ወይም ታይፕ-ሲ የሚቀበል፣ እንደ ፍላሽ የሚከፈት ዕቃ ይላክ።

ለዲያቆንነት የሚማር ወይም ዜማና ቅኔ የጀመረ ታዳጊ ካለዎት ምርጫው ይለወጣል። ጎጃም የዋሸራ፣ የዲማና የጎንጅ አገር ነው፤ ቅኔም ዜማም የሚያዝ በመደጋገም ነው። ለእሱ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። አንዱ ድምፅ መቅጃ ነው፤ ሁለተኛው ከዘፈኑ ወይም ከዜማው መካከል መነሻና መድረሻ አመልክቶ ያንኑ ቁራጭ ብቻ የሚደጋግም ቁልፍ ነው። ሻጩ “ኤ-ቢ” ሲባል ያውቀዋል። እንግሊዝኛ ማዳመጥ ለሚለማመድ ተማሪም ይኸው ይጠቅማል። ዝቅተኛው የቅጂ ጥራት፣ በሰከንድ 32 ኪሎቢት፣ በሰዓት 14 ሜጋባይት ያህል ብቻ ይይዛል፣ ለንግግርም ይበቃል። ለዜማ ግን ቅላጼው እንዳይደበዝዝ 128 እና ከዚያ በላይ ያድርጉት። የኔታን ፈቃድ ሳይጠይቅ መቅዳት ግን አይገባም፤ ይህን ለልጁ ከስጦታው ጋር ይንገሩት።

ማከማቻውና ሚሞሪው

አሁን ጂቢው ተራው ደረሰ። በ128 ኪሎቢት የተዘጋጀ ዘፈን በደቂቃ 1 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። የ5 ደቂቃ ዘፈን 5 ሜጋባይት መሆኑ ነው። 8 ጂቢ እንዲህ ያለ ዘፈን 1,600 ያህል ይይዛል፤ ሳይደግሙ ቢያዳምጡት 130 ሰዓት ይፈጃል። ጥራቱ ወደ 320 ከፍ ሲል አንዱ ዘፈን 12 ሜጋባይት ይሆናል፣ ብዛቱም ወደ 650 ይወርዳል። ለታዳጊ 8 ጂቢ ይበቃል፣ 32 ጂቢ ይተርፋል። 128 ጂቢ መፈለግ ገንዘቡን ከባትሪና ከኢርፎን ላይ መቀነስ ነው።

በተጨማሪም ብዙ ርካሽ ማጫወቻ ከ32 ጂቢ በላይ የሆነ ካርድ አያነብም። ምክንያቱ ካርዱ ከፋብሪካ የሚወጣበት አደረጃጀት ነው፤ እስከ 32 ድረስ ያለው ፋት32 በሚባለው፣ 64 እና ከዚያ በላይ ያለው ኤክስፋት በሚባለው ይደራጃል። ማጫወቻው የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። 64 አስገብተው “ኖ ካርድ” ካለ ካርዱ ተበላሽቷል ብለው አይጣሉት።

ሐሰተኛ ሚሞሪ በየገበያው አለ። በላዩ 64 ተጽፎበት እውነተኛው 8 የሆነ ካርድ ዘፈኑን ሁሉ የተቀበለ ያስመስላል፣ ስሙንም ያሳያል። ከመጀመሪያዎቹ 8 ጂቢ በኋላ ያሉት ግን አይጫወቱም፣ ወይም ተቆራርጠው ይጮሃሉ። ኤችቱቴስትደብልዩ የሚባል ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም ካርዱን እስከ ጫፉ ሞልቶና መልሶ አንብቦ እውነተኛ መጠኑን ይናገራል። ለ32 ጂቢ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ስለሚችል ሱቅ ቆመው የሚያደርጉት አይደለም። ሲገዙ “በሁለት ቀን ውስጥ ሐሰት ሆኖ ካገኘሁት እመልሳለሁ” ብለው ይስማሙና ቤት ይሞክሩት። ኮምፒውተር ላይ 32 የተባለው 29 ከምናምን ሆኖ ቢታይዎት ግን አይደንግጡ። አምራቹና ኮምፒውተሩ ጂቢን የሚቆጥሩበት መንገድ ስለሚለያይ ነው።

ፊደል፣ ፋይልና ተራ

የእኛን አገር ልጅ ከሁሉ በላይ የሚያበሳጨው እዚህ ላይ ነው። የዘፈኑ ስም በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ የብዙ ማጫወቻ ማያ ባዶ አራት ማዕዘን ወይም የጥያቄ ምልክት ይደረድራል። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መለያ ውስጥ ከገባ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ነው፤ ትንሿ ማጫወቻ ግን የፊደሉ ቅርጽ ውስጧ ስላልተጫነ ታውቀዋለች ማለት አይደለም። በማስተካከያ የሚመጣም አይደለም። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ በግዕዝ የተሰየመ አንድ ፋይል ከፍተው ይዩ። ካላነበበው ዕቃውን መተው የለብዎትም፤ ፋይሎቹን በላቲን ፊደል እንደገና መሰየም ይበቃል። አንዳንዱ ማጫወቻ ግን የፋይሉን ስም ትቶ በፋይሉ ውስጥ የተደበቀውን የዘፋኝና የአልበም መረጃ ያሳያል። ስሙን ቀይረው አሁንም ሳጥን ከታየ እሱንም ኮምፒውተር ላይ፣ ከፋይሉ “ፕሮፐርቲስ” ውስጥ ገብተው ይቀይሩት።

ሁለተኛው የፋይሉ ዓይነት ነው። ኤምፒስሪ የሚባለውን ሁሉም ያጫውታል። ከቴሌግራም የሚወርደው ኤም4ኤ፣ የድምፅ መልእክት የሚላክበት ኦጂጂ ግን በርካሹ ላይ ጭራሽ ዝርዝሩ ውስጥ አይታይም። ልጁ “ጠፋብኝ” ይላል፤ ፋይሉ ግን እዚያው አለ። ወደ ኤምፒስሪ የሚቀይር ፕሮግራም በስልክም በኮምፒውተርም ይሠራል። ከሙዚቃ መተግበሪያ ውስጥ “ዳውንሎድ” ተብሎ የተቀመጠ ዘፈን ደግሞ የተቆለፈ ስለሆነ ወደ ማጫወቻ አይወጣም።

ሦስተኛው ተራው ነው። ማያ የሌላት ማጫወቻ ብዙ ጊዜ በፊደል ተራ አትሄድም። መጀመሪያ የተገለበጠውን መጀመሪያ ታጫውታለች። አልበሙ እንዲከተል ከፈለጉ ፋይሎቹን 01፣ 02፣ 03 ብለው ይሰይሙና አንድ በአንድ በተራቸው ይገልብጡ። 40 ዘፈን በአንድ ጊዜ ምልክት አድርጎ መገልበጥ ተራውን ሊያዘበራርቀው ይችላል። ለንግግርና ለስብከት ክፍል 3 ከክፍል 1 ቀድሞ ሲመጣ ትርጉም ስለሚያጣ ይህ ልፋት ያዋጣል።

ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ሙከራ

ወደ ሱቅ ባዶ እጅዎን አይሂዱ። ከ8 ጂቢ የማይበልጥ የታወቀ ካርድ፣ የሚያምኑት ኢርፎንና ገመድ ይያዙ። ካርዱ ላይ አምስት ፋይል ያስቀምጡ፦ በግዕዝ የተሰየመ ዘፈን፣ አንድ ኤም4ኤ፣ ዋሽንት ያለበት፣ በገና ያለበት፣ እንዲሁም ከአንድ ሰዓት የሚረዝም ንግግር። ሙከራው 15 ደቂቃ ይበቃዋል።

1. ካርዱን ያስገቡና በጥፍርዎ ተጭነው መልሰው ያውጡ። ምንጩ ካልገፋው ወይም ካርዱ ጠልቆ ከቀረ ይተዉት። የዚህ ቀዳዳ መበላሸት ከተለመዱት ብልሽቶች አንዱ ነው።

2. በገናውን በራስዎ ኢርፎን ያጫውቱ። የበገና ንዝረት ለርካሽ ዕቃ ከባድ ፈተና ነው። አውታሩ አንድ በአንድ ከተሰማ ጥሩ ነው፤ እንደ ንብ መንጋ አንድ ላይ ከተምታታ ማጫወቻው ወይም ኢርፎኑ ደካማ ነው። ዋሽንቱ ጆሮ የሚወጋ መሆን አለመሆኑንም ያዳምጡ።

3. ዘፈኑን አቁመው ዝምታውን ያዳምጡ። “ሽሽሽ” የሚል ድምፅ ጎልቶ ከተሰማ ሌሊት በዝቅተኛ ድምፅ የሚያዳምጥ ልጅ ሁልጊዜ ይሰማዋል።

4. ኢርፎኑ እንደተሰካ በእርጋታ ያሽከርክሩት። አንዱ ጆሮ ከጠፋ ቀዳዳው ላልቷል። አጃቢው ሙዚቃ እየተሰማ ዘፋኙ ብቻ ከጠፋ ደግሞ የመመለሻው መስመር አልነካም ማለት ነው፤ ለሁለቱም ጆሮ እኩል የተቀዳው ድምፅ እርስ በርሱ ይጣፋል። ማይክ ያለው የስልክ ኢርፎን የማይስማማው ማጫወቻ ላይ ይህ ያጋጥማል። ማይክ በሌለው ይድገሙት፤ ያኔም ከጠፋ ችግሩ የማጫወቻው ነው።

5. ድምፁን ወደ 1 ያውርዱት። በ1 ላይ እንኳ የሚጮህ ዕቃ ለሌሊት አይሆንም።

6. ረጅሙን ንግግር ወደ 20ኛው ደቂቃ አሳልፈው ያቁሙና ያጥፉት፣ መልሰው ያብሩት። ካቆመበት ከቀጠለ ጥሩ ነው። ከመጀመሪያው ከጀመረ ለስብከትና ለትምህርት የሚሆን አይደለም።

7. ራዲዮ ካለው ኢርፎኑን ሰክተው ይክፈቱት፤ አንቴናው የኢርፎኑ ሽቦ ነው። ጣቢያ ካላገኘ ማስተካከያው ውስጥ ከ87 እስከ 108 ሜጋኸርዝ የሚለው መመረጡን ይዩ፣ የጃፓኑ ክልል ተመርጦ የሚመጣ ዕቃ አለ። የኤፍ ኤም ሞገድ ተራራ ስለማይዞር ደጀን አፋፍ ላይ የሚይዘው ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ይጠፋል። ለቆላና ለሸለቆ ልጅ ራዲዮውን ብለው ዋጋ አይጨምሩ።

8. ወደ ቻርጅ ይሰኩት፣ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ። ታይፕ-ሲ የሆነው ዕቃ በሁለቱም ጫፍ ታይፕ-ሲ በሆነ ገመድ ካልሞላ፣ አምራቹ ሁለት ጥቃቅን መቋቋሚያዎችን ስላላስገባ ነው። ከተራው ሰፊ ዩኤስቢ በሚነሣ ገመድ ይሞላል። ለልጁ የሚሰጡት ገመድ ያ መሆኑን ያረጋግጡ።

ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ይቀበሉ፤ የዋስትናው ቀን፣ የዕቃው ሞዴልና መለያ ቁጥር ይጻፍበት። ስጦታው ሊሰጥ ከታሰበው ቀን ብዙ ቀድመው አይግዙ። የአንድ ሳምንት ዋስትና ካርቶን ውስጥ ሳለ ያልቅብዎታል።

ኢርፎኑና ጆሮው

ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ኢርፎን ብዙ ጊዜ ከሁሉም ቀድሞ የሚበላሽ ነው። በጀትዎ 10 ከሆነ 6ቱን ለማጫወቻው፣ 2ቱን ለኢርፎን፣ 1ን ለካርድ፣ የቀረውን ለገመድና ለመያዣ ይመድቡ። ጆሮ ውስጥ የሚገባ፣ በሦስት መጠን ጎማ የሚመጣ፣ ሽቦው መሰኪያው ጋ በወፍራም ጎማ የተጠናከረ ይምረጡ። ኢርፎን የሚበጠሰው በብዛት መሰኪያው ጋ ነው። መሰኪያው ባለ 90 ዲግሪ የታጠፈ ቢሆን ኪስ ውስጥ ይበልጥ ይቆያል።

ጎማው ጆሮውን በደንብ ሲዘጋ የባጃጁና የጎረቤቱ ጫጫታ ስለማይገባ ልጁ ድምፁን ከፍ ማድረግ አያስፈልገውም። ይህን ችላ አይበሉት፤ በጆሮ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የመስማት ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ልክ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፤ ለልጆች ደግሞ 75። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፤ 40ው በ83 ላይ 20፣ በ86 ላይ 10፣ በ89 ላይ 5 ሰዓት ይሆናል። ልጁ ዴሲቤል መለኪያ የለውምና በቁጥር ይንገሩት። ማጫወቻው እስከ 30 የሚሄድ ከሆነ ከ18 አይለፍ፣ እስከ 40 ከሆነ ከ24። ማስተካከያው ውስጥ የድምፅ ጣሪያ ካለ ሳይሰጡት በፊት ይሙሉለት። ካዳመጠ በኋላ ጆሮው “ጭው” ካለ ከልክ አልፏል።

ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባለው አስፋልት ዳር በእግሩ ለሚመላለስ ልጅ አንድ ጆሮው ባዶ ይሁን፣ ሲሻገር ደግሞ ሁለቱም። አይሱዙ ከኋላ ሲመጣ የሚያድነው መስማቱ ነው። እንጀራ ለምትጋግር ልጅም ሽቦው ምጣዱ ላይ እንዳይንጠለጠል በልብሷ ስር ይለፍ።

ጭነው፣ ሞልተው ይስጡ

ባዶ ማጫወቻ ደስታው ግማሽ ነው። ከ100 እስከ 150 ዘፈን ጭነው ይስጡት፣ ከዚያ በላይ አይሙሉት። ሌላውን ራሱ እንዲመርጥ ቦታ ይተዉለት። ምን እንደሚወድ ከራሱ ይልቅ ከታላቅ እኅቱ ወይም ከጓደኛው ይጠይቁ። የእናትና የአባቱን ምርጫ ብቻ የሞላ ማጫወቻ አይነካም። ፎልደሩን በአራት በአምስት ይክፈሉት፦ ዘፈን፣ መዝሙር፣ ትምህርት፣ የራሱ። ጾም ሲገባ መዝሙሩን በአንድ ቁልፍ ማግኘት ይፈልጋል።

ዘፈን ወደሚጭን ሱቅ ሲሄዱ ማጫወቻውን አይስጡ፤ ባዶ ካርድ ብቻ ይስጡ። ከብዙ ሰው ፍላሽ ጋር የሚገናኝ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ቫይረስ አለበት። ከመጡ በኋላ ፎልደሮቹ ሁሉ “ሾርትከት” ሆነው ከታዩ ዘፈኑ አልጠፋም፣ ተደብቋል። ካርዱን ስልክ ውስጥ አስገብተው የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን ያብሩ፣ ዘፈኖቹን ብቻ ወደ ስልኩ ይገልብጡ፣ ካርዱን በማጫወቻው ራሱ ፎርማት አድርገው ይመልሷቸው። አርቲስቱ ወይም ዘማሪው ሥራውን በሕጋዊ መንገድ የሚሸጥ ከሆነ ከዚያ ይግዙ፤ ድካሙ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ አለው።

የመጨረሻው ሥራ አንድ ሙሉ ቀን ማጫወት ነው። ሙሉ አድርገው ሞልተው፣ ድምፁን መካከል ላይ አድርገው፣ ሳይነኩት ይተዉትና ስንት ሰዓት እንደሄደ ይጻፉ። ከተባለው ግማሹን ካልደረሰ ዋስትናው ሳያልቅ ይመልሱት። ደኅና ከሆነ መልሰው ሞልተው በካርቶኑ ይስጡ።

ከተሰጠ በኋላ የሚያጋጥመው

ማጫወቻው አንድ ዘፈን ላይ ደርሶ ቀጥ ካለ ጥፋቱ የዚያ ፋይል ነው፤ ያንን ብቻ ያጥፉ። ከቆመበት አልነቃነቅ ካለ “ሪሴት” የሚል ትንሽ ቀዳዳ ካለው በመርፌ ጫፍ በቀስታ ይጫኑት፣ ከሌለው የማብሪያውን ቁልፍ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይያዙ። ከኮምፒውተር ገመዱን ድንገት መንቀል ካርዱን ያበላሻል፤ “ኢጀክት” ማለቱን ልጁ እንዲለምድ ያሳዩት።

ክረምት ላይ ዝናብ ቢነካው ወዲያው ያጥፉት፣ ካርዱን ያውጡ፣ ቻርጅ ላይ አይሰኩት። ውኃ ከሚጎዳው በላይ ውኃ ይዞ ኤሌክትሪክ መግባቱ ይጎዳዋል። ነፋስ ባለበት ጥላ ውስጥ ሁለት ቀን ያቆዩት። ምድጃ አጠገብ አያስቀምጡት፣ ጤፍ ውስጥም አይቅበሩት። የጤፍ ፍሬ ኢርፎኑ ቀዳዳ ውስጥ ይገባና እዚያው ይቀራል። ቀዳዳው በአቧራ ከተዘጋ ጥጥ በቀጭኑ የተጠቀለለበት የክብሪት እንጨት ይበቃል፤ በመርፌ አይጎርጎር።

ጀርባው ካበጠ ወይም ክዳኑ መነሣት ከጀመረ ባትሪው ማለቁ ነው። አይወጋ፣ አይጫን፣ ቻርጅ አይደረግ፤ ጠጋኝ ዘንድ ይሂድ። በተቃራኒው ሐምሌና ነሐሴ ልጁ ወደ ቤተሰቡ ሲመለስ ባዶውን ሣጥን ውስጥ ጥሎት ከሄደ መስከረም ላይ አልሞላ ሊል ይችላል። ባትሪው ከልክ በታች ስለሚወርድ የራሱ መከላከያ ይዘጋዋል። ከመሄዱ በፊት ግማሽ ያህል ሞልቶ ያጥፋው፣ በወር አንድ ጊዜም ግማሽ ሰዓት ቻርጅ ያድርገው።